ባለ ዙሙ ካሜራዬና የአማቴ ፎቶ

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፤ እኔ ቁጡ ሰው አይደለሁም። ቁጡ ነው እያሉ የሚያሙኝ አሉ፤ የምቆጣው እነሱን ሳገኝ ብቻ ነው። ሞያሌ ላይ፣ በኬንያ በኩል፣ ጫማ እሸጣለሁ። ጫማ ሻጭ ቁጡ ከሆነ ጦሙን ያድራል። አርባ ሁለት ቁጥር እግር ያለው ሰው አርባ ቁጥር ጫማ ውስጥ ለመግባት ግማሽ ቀን ሲታገል አጠገቡ ቁጭ ብሎ "አይዞህ፣ ይለቃል" የሚል ሰው ነው ጫማ ሻጭ ማለት። እኔ ይህን ስል ኖሬያለሁ። ስለዚህ አሁን የማወራላችሁ ንዴት ከተፈጥሮዬ ሳይሆን ከካሜራ የመጣ መሆኑን ከወዲሁ እወቁልኝ።

ነገሩን የጀመረው ገልገሎ ነው። ገልገሎ በዚያን ጊዜ በእኛ ሰፈር ያለ ብቸኛ ፎቶ አንሺ ነበር። የፎቶ ቤቱን ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፏፏቴ አስሎበታል። እንግዲህ አስቡት፤ ውኃ በአህያ ጋሪ እየመጣልን በጀሪካን እየለካን በምንጠጣበት ከተማ፣ በየሳሎናችን የተሰቀለው ፎቶ ላይ ሁላችንም ፏፏቴ ሥር ቆመናል። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ቢያየው "እነዚህ ሰዎች ውኃ ሊወስዳቸው ነው" ብሎ ይደነግጣል።

በኢድ ዕለት እኔና ባለቤቴ ዘይነባ ልጆቻችንን አስከትለን ሄድንና ተነሳን። ፊልሙ ናይሮቢ ሄዶ ታጥቦ እስኪመለስ ሁለት ሳምንት ጠበቅን። መጣ። ዘይነባ አምሮባታል። ልጆቹ አምሮባቸዋል። ፏፏቴው ሳይቀር አምሮበታል። እኔ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። መጨፈን ብቻ ቢሆን ደግ፤ አፌም ከፈት ብሏል። ሞቼ ግድግዳ አስደግፈው ያቆሙኝ ነው የምመስለው።

"ገልገሎ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት።

"አንተ ነህ" አለኝ።

"ዓይኔስ?"

"የጨፈንከው አንተ። እኔ በር እንጂ የሰው ዓይን አልከፍትም።"

ይህን ሲለኝ ሱቁ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሦስቱም ሳቁ። እኔ ፎቶዬን ይዤ ወጣሁ። ስወጣ በውስጤ ያልኩትን ነገር ግን ጨዋ ሰው ስለሚያነበው እዚህ አልጽፈውም።

በዚያው ሰሞን ከአዋሳ መልእክት መጣ። የዘይነባ ታላቅ እህት ፋጡማ ባሏን ተከትላ አዋሳ ከገባች አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ስኳር እግሯን ስለያዛት ከቤት እስከ ደጅ እንኳን በሰው ትከሻ ነው። አባታቸው አባ ጉዮ ደግሞ ቦሪ በምትባል የገጠር መንደር፣ ከከብቶቻቸው ጋር፣ ከዚያ ንቅንቅ የማይሉ ሽማግሌ ናቸው። እሷ መምጣት አትችልም፤ እሳቸው መሄድ አይፈልጉም። ፋጡማ በመጣ ነጋዴ ሁሉ የምትልከው አንድ ቃል ነበር፦ "የአባቴን ፊት ላኩልኝ። መልኩ እየጠፋብኝ ነው።"

ዘይነባ ይህን ቃል በሰማች ቁጥር ለሁለት ቀን አትናገርም። ሴት ልጅ ስትቆጣ ቤቱ ይሞቃል፤ ዝም ስትል ግን ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ እኔ ብርድ አልወድም።

ችግሩ አባ ጉዮ ፎቶ አይነሱም። በዕድሜያቸው አንዴ ብቻ ለመታወቂያ ተነስተዋል። ያኔ ያነሳቸው ሰው ጥምጥማቸውን አስወልቆ፣ ጥርሷ እንደሚታይ ፍየል አገጫቸውን በጣቱ ቀና አደረገው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሜራ የያዘ ሰው ሲያዩ በትር ነው የሚያነሱት። ዘይነባ ወራት ሙሉ ለመነቻቸው። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦ "አንዴ ብቻ። የሚያነሳኝም የቤት ሰው ይሁን። ባዕድ አገጬን አይነካም።"

ይህን እንደሰማሁ ልቤ በደስታ ዘለለ። የቤት ሰው ማለት እኔ ነኝ። ገልገሎ ከነፏፏቴው ቀረ ማለት ነው።

ጫማ ላመጣ ናይሮቢ በሄድኩበት አንድ ካሜራ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ዲጂታል የሚባለውን፣ ፊልም የማይፈልገውን፣ አፍንጫው ረዥም የሆነ ካሜራ አወጣልኝና በመስኮት ወደ ውጭ አነጣጠረው። አንድ ቁልፍ ሲነካ አፍንጫው እየተንጠራራ ወጣ። "ና እይ" አለኝ። ሳይ፣ ከአውራ ጎዳናው ማዶ ፎቅ ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት አለች። የልብስ መቆንጠጫው ቀለም ሳይቀር ይለያል።

"ዙም ነው" አለኝ። "ጨረቃ ላይ ያለውን ጉድጓድ ያሳይሃል።"

ብልህ ሰው ቢሆን "ጨረቃውን ተወው፤ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ የተቀመጡ አማቴን እንዴት ነው የማነሳው?" ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ የጠየቅሁት ስለ ጨረቃ ነው። ሰው ሩቅ ማየት ሲያምረው እግሩ ሥር ያለው ይጠፋዋል።

ካሜራው ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ ጋር መጣ። በየዓይነቱ ቋንቋ ተጽፏል፤ አማርኛ የለበትም፣ ኦሮምኛ የለበትም፣ ስዋሂሊ እንኳን የለበትም። ለእኛ ሲሆን ዕቃው እንጂ ምክሩ አይደርሰንም። ዘይነባ እዚሁ ኬንያ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለችና እንግሊዝኛውን ታነባለች። ከፈተችና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች።

"ውኃ ውስጥ አታስገቡ ይላል። እሳት ውስጥ አትጨምሩ ይላል። ድንጋዩን አትዋጡ ይላል።"

"ማነው ድንጋይ የሚውጠው?" አልኳት። የምትለው የባትሪ ድንጋዩን ነበር።

"እኔ ምን አውቃለሁ፤ የተጻፈውን ነው የማነበው።"

"ተይው። ካሜራ በእጅ ይያዛል እንጂ አይነበብም።"

መጽሐፉን ወስዳ ከትራሷ ሥር አደረገችው። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሆኑ ቁጭ ብላ ስታነበው አይቻታለሁ። ንቄ ተውኳት።

አሁን መማር ጀመርኩ። ይህ ካሜራ አንድ ጠባይ አለው፤ ቁልፉን ስትጫነው ወዲያው አያነሳም፤ ያስባል። ምን እንደሚያስብ አላህ ይወቅ። አስቦ ሲጨርስ የምታነሳው ሰው ሄዷል። ደንበኛዬን ሳነሳ የሚወጣው የሱቄ በር ነው። ፍየል ሳነሳ የሚወጣው ጅራት ነው። ደግሞ ድንጋይ ይበላል፤ እንደ ሠርግ እንግዳ ነው የሚበላው። እኛ ዘንድ ለሬዲዮ የሚሸጡትን ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች አራት ከጨመርክበት፣ አምስት ፎቶ አንስቶ ቀይ መብራት ያሳይሃል። በምላስህ ብትለምነው አይሰማም።

ከሁሉ የባሰብኝ ግን የሰዉ ነገር ነው። ፎቶ ያነሳሁት ሁሉ እጁን ይዘረጋል። "ወረቀቱስ?" ይለኛል። ወረቀት የለውም፣ እዚህ መስታወት ላይ ነው የሚታየው ብዬ አሳያለሁ። ጎረቤታችን እማ ሐዋ መስታወቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ አራቁት፣ እንደገና አስጠጉት።

"ይህች ማናት?" አሉኝ።

"እርስዎ ነዎት እንጂ።"

"እኔን ነው ቅማል ያህል ያሳነስከኝ?" አሉና ለሳምንት ሰላምታ ነፈጉኝ።

ገልገሎ ይህን ሁሉ ይሰማል። በሱቄ በኩል ሲያልፍ "እንዴት ነው፣ ዓይን የሚከፍተው ካሜራ?" ይለኛል። ጫማ ልወረውርበት እልና፣ የእኔው ዕቃ ስለሆነ እተወዋለሁ።

ንዴቴን ለማብረድ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሱቄ ጀርባ ያለው የውኃ ታንከር ማማ ላይ ወጣሁ። ዙሙን በሙሉ ኃይሉ ልሞክረው ብዬ ነው። ከድንበሩ ኬላ አጠገብ ካለው ረዥም የአንቴና ምሰሶ ጫፍ ላይ አንድ አባ ኮዳ አርፏል፤ ያ አንገቱ መላጣ የሆነ ትልቅ ወፍ። አፍንጫውን አስረዝሜ አነጣጠርኩና ተጫንኩ። ካሜራው አሰበ። ወፉ በረረ። ካሜራው ምሰሶውን አነሳው። ወፉ ዞሮ ተመልሶ ሲያርፍ ደግሜ ተጫንኩ፤ ያው ነው። አሥራ ሁለት ጊዜ። አሥራ ሦስተኛውን ልጫን ስል ከታች ድምፅ ሰማሁ። ረዥም የፖሊስ ኮፕራል ቀና ብሎ ያየኛል።

"እዚያ ላይ ምን ታደርጋለህ?" አለኝ በስዋሂሊ።

የእኔ ስዋሂሊ የጫማ ስዋሂሊ ነው፤ ከቁጥርና ከቀለም ውጭ ብዙ አይሄድም። "ንደጌ እያነሳሁ ነው፣ አፋንዴ" አልኩት። አፋንዴ ፖሊስ የሚጠራበት ነው፤ ንደጌ ማለት ወፍ ነው። የረሳሁት፣ ንደጌ ማለት አውሮፕላንም መሆኑን ነው።

የኮፕራሉ ፊት ተለወጠ። "ንደጌ ጋኒ?" አለኝ፤ ምን ዓይነት ማለቱ ነው።

"ትልቅ። መጥቶ እዚያ ምሰሶ ላይ ዞረ። አሁን ወደ ኢትዮጵያ በረረ።"

ደብተሩን አወጣ።

ጣቢያ ወሰዱኝ። ወንበር ሰጡኝ፤ ክፉ ቃል የተናገረኝ የለም፤ ይህን መደበቅ ግፍ ነው። ኮፕራሉ ካሜራውን ተቀብሎ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየ። የአንቴናው ምሰሶ። የአንቴናው ምሰሶ። አሁንም የአንቴናው ምሰሶ። አሥራ ሁለት ምሰሶ አይቶ ሲጨርስ እኔ ራሴ ራሴን ጠረጠርኩ። እጄን እንደ ክንፍ እያርገበገብኩ፣ አንገቴን እያስረዘምኩ ስለ ወፉ ማስረዳት ጀመርኩ። ጣቢያው ውስጥ ያሉት ሁሉ ሥራቸውን አቁመው አዩኝ።

ከዚያ ኮፕራሉ ወደ ኋላ ተመልሶ የቀደሙትን ፎቶዎች ማየት ጀመረ። ጅራቱን አየ። የሱቄን በር አየ። አንዱን ለረዥም ጊዜ ትክ ብሎ አይቶ፣ "ይሄ አውራ ጣትህ ነው?" አለኝ።

"አዎ።"

ካሜራውን አጥፍቶ መለሰልኝ። "ሂድ። ሰላይ እንዲህ አያነሳም። እንዲህ የሚያነሳ ሰላይ ቢኖርማ የላኩት ሰዎች ራሳቸው ያስሩታል።"

አልሐምዱሊላህ ብሎ መውጣት ነበር። እኔ ግን በሩ ላይ ቆሜ "ፎቶዎቼ ምን ጎድሏቸው ነው?" ብዬ መከራከር ያዝኩ። የጣቢያው ሰው ገፍቶ ካላስወጣኝ በስተቀር የማልሄድ መስዬ ነበር። ሰላይ ተብዬ ብታሰር እንኳን ይህን ያህል አልናደድም። ሰላይ ቢያንስ ሙያ አለው ተብሎ ነው የሚታሰረው።

ከዚያ የሐጂ አደን ልጅ ሠርግ መጣ። ሐጂ አደን የከብት ነጋዴና የሱቄ ግድግዳ ተጋሪ ናቸው። ካሜራ መግዛቴን ሰምተው፣ "ፏፏቴ ሥር ከሚቆሙ እዚሁ ደጃፋችን አንሳልን" አሉኝ። ይህ ለእኔ ክብር ነው፤ ገልገሎ አጠገቤ ቆሞ እያየ ነው ያሉኝ። ከጎረቤት ሱቅ የቻልኩትን ያህል ድንጋይ ገዝቼ ሄድኩ። ሙሽራዋን ከነሒናዋ፣ ሙሽራውን ከነሱፉ፣ ሽማግሌዎቹን፣ ሊታረዱ የታሰሩትን ግመሎች ሳይቀር አነሳሁ። ከብዙው ጥቂቱ አምሮ ወጣ። የሚሄድ ሰው ሲገኝ ፎቶው የሚቀመጥበትን ካርድ ናይሮቢ ልኬ ላሳጥብላቸው ቃል ገባሁ።

ካርዱን ሳልልክ ግን የቦሪው ቀን ደረሰ። አባ ጉዮ "በዚህ ጁምዓ ማግስት ይምጡ" ብለው ላኩ። ሽማግሌ ሐሳቡን ሳይለውጥ መድረስ አለብን ብለን እኔና ዘይነባ ሎሪ ላይ ወጣን፤ ከዱቄት ጆንያ በላይ፣ ከሰው በታች። ካሜራውን በነጠላዋ ጠቅልላ እንደ አራስ ልጅ አቅፋ ያዘችው። በየጉድጓዱ ስንዘል እኔ ወገቤን እይዛለሁ፤ እሷ ካሜራውን ትይዛለች። አንድም ጊዜ ወገቤን አልጠየቀችኝም።

ስንደርስ አባ ጉዮ ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ወተት አጠጡን፣ ስለ ዝናብ ጠየቁን፣ ስለ ከብት ጠየቁን። ከዚያ "ልልበስ" ብለው ወደ ቤት ገቡ። ሽማግሌው በሕይወታቸው ሁለተኛውን ፎቶ ሊነሱ ነውና ተጣድፈው አይለብሱም። ታጠቡ፤ እንደገና ታጠቡ። ጥምጥማቸውን ሁለት ጊዜ አስረው ሁለቱንም ጊዜ ፈቱት።

እኔ ደግሞ ሥራ ፈትቼ መቀመጥ አልችልም። ዞር ስል ሜዳው ላይ ሰጎን አየሁ። በዙም አነሳኋት። ከሰጎኗ ወዲያ ግመሎች አሉ። ከግመሎቹ ወዲያ ኮረብታ አለ። ከኮረብታው ወዲያ ደመና የሚመስል ነገር አለ፤ ደመና ቦሪ ላይ ብርቅ ስለሆነ እሱን ስድስት ጊዜ አነሳሁት።

"አባ ጀማል" አለችኝ ዘይነባ፤ በበኩር ልጃችን ስም ነው የምትጠራኝ። "ድንጋዩን አትጨርስ።"

"ትርፍ ይዣለሁ" አልኳት።

አባ ጉዮ ወጡ። ወላሂ፣ ንጉሥ ይመስላሉ። ነጭ ለብሰው፣ ጥምጥማቸው ልክ ሆኖ፣ በትራቸውን ይዘው ከግራሩ ሥር ተቀመጡ። የመንደሩ ሰው ከኋላዬ ተሰበሰበ። ካሜራውን አነሳሁ። ቀይ መብራት።

ትርፍ ያልኩትን ድንጋይ አወጣሁ። በመንገድ ላይ ሙቀቱ አቅልጦት ይሁን ከመጀመሪያውም ሞቶ የተሸጠልኝ ይሁን፣ ካሜራው ጨርሶ አልነቃም። በልብሴ አሻሸሁት። በጥርሴ ነከስኩት። ዘይነባ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

አባ ጉዮ በቦረንኛ "ማል ታኤ?" አሉ፤ ምን ሆነ ማለታቸው ነው። ዘይነባ ነገረቻቸው። ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ትንሿን ሬዲዮናቸውን አስመጡ። እኚህ ሰው ያለ ማታው ዜና የማይተኙ ናቸው። ሁለቱን ድንጋይ በገዛ እጃቸው አውጥተው ሰጡኝ። ሌላውን ሁለት የጎረቤታቸው ሬዲዮ ሰጠን። በእኔ ምክንያት ያ መንደር በዚያ ቀን ስለ ዓለም ምንም ሳይሰማ ሊያድር ነው።

ካሜራው ነቃ። አነጣጠርኩ። ተጫንኩ። አላነሳም። መስታወቱ ላይ ጽሑፍ መጣ።

"ሞልቷል ይላል" አለች ዘይነባ በትከሻዬ በኩል። "ካርዱ ሞልቷል። ሰጎኗን አጥፋ።"

"አውቃለሁ።"

አላውቅም ነበር። ከዚያ በፊት አንድም ፎቶ አጥፍቼ አላውቅም፤ ጣቴን ያነሳሁትን እንኳን ይዤዋለሁ። ቁልፎቹን ነካካሁ። የቆሻሻ ቅርጫት የመሰለ ሥዕል መጣ። ከሥሩ ሁለት መስመር እንግሊዝኛ።

"ታችኛውን እንዳትነካ" አለች። "'ሁሉንም' ነው የሚለው።"

"ካሜራው የማን ነው?"

"ያንተ ነው። ግን ታችኛውን እንዳትነካ።"

አሁን እስቲ ፍረዱኝ። አማቴ ፊት፣ የመንደር ሰው እያየኝ፣ ላቡ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ሚስቴ እንደ ተማሪ እያረመችኝ ነው። ጣቴ የቱ መስመር ላይ እንዳረፈ ሳላይ ካሜራው አንድ ነገር ጠየቀኝ። ከጠየቀኝ ውስጥ የማውቀው ቃል አንድ ብቻ ነበር፦ ኦኬ። ኦኬን ተጫንኩ።

ካሜራው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያስብ ሠራ። ሰጎኗ ሄደች። ግመሎቹ ሄዱ። ኮረብታው ሄደ። የሐጂ አደን ልጅ ከነሒናዋ፣ ባሏ ከነሱፉ፣ ሠርገኛው በሙሉ ሄደ። መስታወቱ ባዶ ሆነ፤ እንደ ተገዛበት ቀን ንጹሕ።

ያን ጊዜ የሆንኩትን አላስታውሰውም፤ የምነግራችሁ ሌሎቹ የነገሩኝን ነው። ካሜራውን ምንጣፉ ላይ ወረወርኩት። ኮፍያዬን አውልቄ ረገጥኩት። የሠራውን ፋብሪካ ረገምኩ፣ የሸጠልኝን ሰው ረገምኩ፣ ልብስ የምታሰጣዋን ሴት ሳይቀር ረገምኩ፤ እሷ ምን አደረገች? አባ ኮዳውን ረገምኩ። ይህ ሁሉ በአማርኛ ነው፤ ከሰሚዎቼ አብዛኛው ቃሉን አይረዳም፤ ዜማውን ግን ተረድቷል። በመጨረሻ አጠገቤ የነበረውን ቢጫ ጀሪካን ባዶ መስሎኝ በሙሉ ኃይሌ መታሁት።

ሙሉ ነበር።

ጀሪካኑ አልተነቃነቀም። እኔ በአንድ እግሬ፣ ሌላውን በሁለት እጄ ይዤ፣ ግራሩን መዞር ጀመርኩ። ጫማ ሻጭ ሆኜ ያን ቀን የለበስኩት ነጠላ ጫማ ነበር።

በመጀመሪያ የሰማሁት ሳል ነው። አባ ጉዮን ትን አላቸው ብዬ ደነገጥኩ። ዞሬ ሳይ እየሳቁ ነው። በትራቸው ከእጃቸው ወድቋል። ጥምጥማቸው ወደ ጆሯቸው ዘምሟል። አፋቸው ተከፍቶ የቀሩት ሦስት ጥርሶች ወጥተዋል፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ያበራል። እኔ እኚህን ሰው ሳውቃቸው ፈገግታቸውን እንኳን አላየሁም። የመንደሩ ሰውም አላየ መሰለኝ፤ እኔን ትቶ እሳቸውን ነው የሚያየው።

ዘይነባ ካሜራውን ከምንጣፉ አነሳች። አቧራውን በነጠላዋ ጠረገችው። በጉልበቷ ተንበረከከች፤ ቁልፉን ግማሽ ተጫነች፤ ቆየች፤ ከዚያ ሙሉውን ተጫነችው። መጽሐፉ ውስጥ እንደዚያ ነው የሚለው አለችኝ በኋላ። ግማሽ ስትጫነው አስቀድሞ ያስባል፤ ያኔ አያስቸግርህም።

አባ ጉዮ ድምፁን ሰሙ። ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው "አለቀ?" አሉ።

"አለቀ፣ አባ" አለች።

"አንዴ ነው ያልኩት" ብለው ጥምጥማቸውን አቃንተው ተነሱ። ለዚያ በክብር ለመነሳት ለለበሱት ልብስ አንድም ፎቶ አልተነሳለትም። ለመንኳቸው። "አንዴ ነው ያልኩት" አሉ። የሬዲዮናቸውን ድንጋይ ግን አልረሱም፤ ከካሜራው ሆድ ቆጥረው ተቀበሉኝ፤ ሁለቱ ከእንግዲህ እንደማይሠሩ ያወቁት እኛ ከሄድን በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ከቦሪ የመጣ ሰው ሁሉ ሱቄ ብቅ ብሎ "አባ ጉዮ ድንጋዬን በል ብለውሃል" ይለኛል። አራት ጊዜ ልኬያለሁ። አሁንም ይመጣሉ።

ሞያሌ ስንገባ ከሎሪው ሳልወርድ የማስበው ስለ ሐጂ አደን ነበር። መደበቅ አልቻልኩም፤ ግድግዳ እንጋራለን። ሱቃቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ሙስባሐቸውን መቁጠራቸውን አላቆሙም።

"ሁሉም?" አሉኝ።

"ሁሉም፣ ሐጂ።"

"ግመሎቹም?"

"ግመሎቹም።"

ያን ጊዜ ሙስባሐቸውን አስቀመጡ። "ግመሎቹ እንኳን ቢተርፉ ጥሩ ነበር" አሉ። ልጃቸውን ጠርተው ሲነግሯት ከመጋረጃው ወዲያ የለቅሶ ድምፅ ሰማሁ። ከካሜራው ጋር የተጣላሁት ሁሉ ያን ጊዜ ቀልድ ሆነብኝ። ልጅቱ ሒናዋ ለቆ፣ ሱፉ ለባለቤቱ ተመልሶ፣ ከዚያ ቀን የቀራት ነገር እኔ ያነሳሁት ብቻ ነበር።

ሐጂ አደን ፈረዱ። ሙሽሮቹ እንደገና ይለብሳሉ፤ ሱፉ እንደገና ይለመናል፤ የሚታረደውን ፍየል እኔ አመጣለሁ፤ ፎቶውን ዘይነባ ታነሳለች። "አንተ" አሉኝ፣ "ከካሜራው ሦስት እርምጃ ርቀህ ቁም።"

እንዲሁ ሆነ። ዘይነባ አነሳች፤ እኔ ሦስት እርምጃ ርቄ የድንጋዩን ከረጢት ይዤ ቆምኩ። ሴቶቹ ባዕድ ወንድ ፊት የማያወልቁትን መሸፈኛ ለእሷ አወለቁ፤ እኔን ዞር በል አሉኝ። ፎቶዎቹ ከናይሮቢ ታጥበው ሲመጡ ገልገሎ ራሱ ሊያይ መጣና ከሴቶቹ በቀር ያሉትን አንድ በአንድ አገላበጠ። ለዘይነባ ብቻ "እህቴ፣ እጅሽ አይንቀጠቀጥም" አላት። እኔን ዘሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሠርግ ያለው ሁሉ ሱቄ ድረስ መጥቶ "ባለቤትህ የለችም?" ይለኛል። ጫማ ሊገዛ የመጣ እየመሰለኝ ስንቴ ተነስቼ ተቀምጫለሁ።

የአባ ጉዮ ፎቶ ከሠርጉ ጋር ታጥቦ መጣ፤ በአንድ ነጋዴ እጅ አዋሳ ሄደ። አንድ ሳምንት ቆይቶ ከሰዓት በኋላ፣ ሱቅ ተቀምጠን ሳለ፣ ሞባይሉ ጮኸ። ፋጡማ ናት። ዘይነባ አዳመጠች፣ አዳመጠች፣ ከዚያ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ።

"አንተ ነህ አሉኝ ያሳቅኸው" አለችኝ ፋጡማ። ድምፅዋ ቀጭን ነው። "እናታችን እያለች እንኳን እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም። ጥርሱን አላውቀውም ነበር። ምን ብለኸው ነው?"

ጥሩ ቀልድ ነገርኳቸው ልላት አሰብኩ። አንድ ያማረ ነገር ልፈጥር አፌን ከፈትኩ። ዘይነባ እያየችኝ ነው።

"ተናደድኩ" አልኳት።

ከዚያ ሳል የመሰለ ነገር ሰማሁ፤ እየተቆራረጠ፣ እያፈነ የሚወጣ። አባቷ ናቸው እኮ ብዬ ደነገጥኩ፤ ልክ እንደዚያ ነው የሳቁት። ዘይነባ ጆሮዋን ከስልኩ ጀርባ አስጠጋች። ሁለታችንም በአንዲት ትንሽ ሞባይል ላይ ግንባራችንን አጋጭተን፣ አሥራ ስምንት ዓመት ያላየናት ሴት ስትስቅ ሰማን።

በመሃል ኔትዎርኩ ተቆረጠ።

ደሜ ወደ ራሴ ወጣ። የኔትዎርኩን ማማ የተከለውን ሰው ከነአባቱ ልረግመው ትንፋሼን ሳብኩ። ዘይነባ ቀና ብላ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ትጠብቀኛለች። የምመታው ጀሪካን ደጅ ድረስ በዓይኔ ፈለግሁ፤ አልነበረም።

"ቁጥሯን ጥሪልኝ" አልኳት፣ እንደ ተናደድኩ፤ እሷ ጠራችልኝ፣ እኔ ደወልኩ።